ዝቅተኛው ቀለበት

ያን ቅዳሜ ጠዋት አራት ነበርን። የጠመንጃው ባለቤት ጋሼ፣ መኪናውን የነዳችው ሴት ልጃቸው፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ ሳይተኛ የመጣው ታላቅ ወንድሜ፣ እና እኔ። ከከተማው ውጭ፣ ከቸስተርሚር ወዲያ ባለው የተኩስ ሜዳ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጋሼ የገዙት ጠመንጃ ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የሚያቀባብል ዓይነት ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ስኮፕ የሚባለውን ማነጣጠሪያ መነጽር ፈለጉና «አንተ ስታነብ ነው የምትውለው፣ ምረጥልኝ» አሉኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ፋልከንሪጅ ሰፈር ባለው ቤዝመንታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብኩ፣ ለካሁ፤ በመጨረሻ ስኮፑን አቅፈው ከሚይዙት ቀለበቶች ዝቅተኛውን ቁመት መረጥኩ። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ ዝቅ ያለ ነው። ስኮፑ ከፍ ካለ ጉንጭ ከሰደፉ ይነሣል፣ ዓይንም ቦታውን ያጣል። በስኮፑ የፊት አፍና በበርሜሉ መካከል ለሁለት የታጠፈ ወረቀት አሳለፍኩ። ሳይነካ አለፈ፤ ኮራሁ።

ስኮፑ ዝቅ ሲል ግን መቺውን፣ ማለት ከጀርባ ያለውን በአውራ ጣት የሚሳብ ብረት፣ ከላይ ሸፈነው። ለዚህ ተብሎ መቺው ላይ የሚታሰር፣ ወደ ጎን የሚወጣ ትንሽ ቅጥያ አለ። ገጥሜ አሳየኋቸው።

«ይሄ ቀንድ ምንድን ነው?» አሉ። «ጠመንጃ ነው የገዛሁት፣ በግ አይደለም።»

ሳቅንና ፈታሁት። መቺውን ያለ ቅጥያው በባዶ ጣቴ ሞከርኩት፤ ጣቴ ከስኮፑ ሥር ይገባል። ጓንት አላሰብኩም። ጋሼ የነቢያት ጾም ሳይገባ አጋዘን ጥለው ሥጋውን ለማድረስ ቸኩለው ነበር፣ የቀረን አንድ ሳምንት ነው። እኔም አብሬ ቸኮልኩ።

ሜዳው ላይ ወፍራም ጓንታቸውን ሲያጠልቁ ሳይ፣ የፈታሁት ቅጥያ ትዝ አለኝ። ልናገር አልኩ። ግን በልጃቸው ፊት «አንቱ አይችሉም» ማለት መሰለኝና ዋጥኩት። ሦስት ጊዜ ተኮሱ፤ ሦስቱም ዒላማውን አገኙ። ልጃቸው «ዳዲ፣ ኖት ባድ» አለቻቸው። ለአራተኛው አቀባብለው ካነጣጠሩ በኋላ ተዉት፤ «ጣቴ ደንዝዟል፣ ይበቃኛል» አሉ። ሁላችንም የጆሮ መከላከያችንን አወረድን። እሳቸው አፈሙዙን ወደ በረዶው ዝቅ አድርገው፣ መቺውን ሳይተኩሱ ቀስ ብለው ሊመልሱ አውራ ጣታቸውን ከስኮፑ ሥር አስገቡና ቃታውን ሳቡ። የጓንቱ ጣት እዚያ ተሰንቅሮ ከመቺው ላይ ሲንሸራተት አየሁ።

«ጋሼ፣ ጓንቱን ያውልቁ።»

ጥይቱ በግራ ጫማቸው አጠገብ በረዶውን በሳው።

ልጃቸው ጠመንጃውን ከእጃቸው ተቀበለች። ጋሼ ጫማቸውን ብዙ ጊዜ ሲያዩ ቆዩና «ቀንዱ የት ነው ያለው?» አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው አልኳቸው። ያን ዓመት አደን አልወጡም።

ከቀዳዳው እስከ ጫማቸው ለክቻለሁ፤ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው። መለካት ያቃተኝ የራሴን ድምፅ ነው። የተናገርኩት ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በጆሮዬ ውስጥ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። በፊት ከሆነ ያስደነገጥኳቸው እኔ ነኝ፤ በኋላ ከሆነ ደግሞ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ወንድሜ ከኋላዬ ነበርክ፣ የጋሼ ልጅ፣ አንቺ በግራዬ ቆመሽ ነበር። ጋሼም ቢሆኑ ያስታውሱ ይሆናል። ይህን ስታነቡ መጀመሪያ የሰማችሁት የቱን እንደሆነ ንገሩኝ፣ እዚህ እጽፈዋለሁ።