ግቢያችንን የሚያቋርጠው መንገድ

ቁጣን ከአባቴ አልወረስኩም፤ ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። ወረዳው ነዋሪውን ለፕላን ውይይት የጠራ ቀን ግን ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ ብድግ አለ።

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ግቢያችን ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ላይ፣ ወደ ታክሲው መንገድ ያወጣል፤ ሌላው ወደ ታች ሰፈር ያወርዳል። ቀን ቀን ሁለቱም አይዘጉም። የታች ሰፈር ሰው ሥራ ሲሄድ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት ሲወስድ በእኛ ግቢ ነው የሚያልፈው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አስከሬን የሚያወጣው በዚያው ነው። አለዚያ በአስፋልቱ መዞር ነው፤ ዙሩ ደግሞ ለጤነኛም ይከብዳል። አልፎ ያልመረቀን የለም። "ይህን መንገድ ለሰጠን ሰው ዕድሜ ይስጠው" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እውነቱን ለመናገር ምርቃቱ ትንሽ አኩርቶኛል።

ፕላኑ በአንድ ጀምበር የተሠራ አይደለም። መጀመሪያ ወጣቶች ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ስንት ሆነን እንደምንኖር፣ በምን እንደምንሄድ፣ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቁን። ከረም ብሎ ረቂቁ አለቀ ተባለና አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መኖሪያው ቢጫ፣ ንግዱ ቀይ፣ የወንዙ ዳርቻ አረንጓዴ። ልጆቻችን ልጅ ሲወልዱ ሰፈሩ ምን እንደሚመስል ነው የሚያሳየው አሉን። ሌላው ሰው ቤቱን ሲፈልግ እኔ መንገዳችንን ፈለግሁ። የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቢጫ ነው።

ዕድል ሳይሰጠኝ ተነሳሁ። "ካርታውን የሠራው ሰው እግር የለውም እንዴ?" አልኩ። "በየቀኑ የምንሄድበትን መንገድ የት ጣላችሁት?" የታች ሰፈር ሰው በሙሉ አጨበጨበልኝ። ፕላኑን ከሚያዘጋጁት አንዷ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ባለሙያ፣ ያልኩትን በትዕግሥት ጻፈችና መጥታ እንደምታየው ነገረችኝ። እኔም ጦርነት ያሸነፍኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን መጣች። በላይኛው በር ገብታ በታችኛው ወጣች፤ ከዚያ ተመልሳ ወረቀቷን የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። እንዳስረዳችኝ፣ ከሰማይ በተነሳው ፎቶ ላይ መንገዱ ያልታየው መንገድ ስላልሆነ ነው፤ ግቢ ነው፤ በይዞታ ማረጋገጫውም የአባቴ ነው። ዝም ከተባለ፣ አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ ሕንፃ ሲቆም መተላለፊያው ተዘግቶ ይቀራል። የእግረኛ መንገድ ተብሎ ፕላኑ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማንም አይዘጋውም። ግን መንገድ ስፋት አለው አለችና እርሳሷን ወረቀቱ ላይ ወደ ታች አወረደችው። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሌን፣ ማሽኔን፣ የተሰቀሉትን ቀሚሶች አየች። ሳትናገርም ገባኝ፤ መንገዱ የሚሰፋው የእኔን ክፍል አፍርሶ ነው።

"አስተያየት የምንቀበለው እስከ አርብ ነው እትዬ" አለችኝ። "ባለይዞታው በጽሑፍ ካልጠየቀ አልነካውም።"

እህቴ ስትሰማ ሳቀችብኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው አንቺ ነሽ አለችኝ። ቀጥላ ኮስተር ብላ፣ ጎመን በጤና፣ ዝም በይ አለችኝ። ልክ ነበረች፤ እንጀራዬ ያለው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መርፌ ስሰብር ዋልኩ። የታች ሰፈር ሴቶች ሲያልፉ "በርቺልን" ይሉኛል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ሐሙስ ዕለት ወሰንኩ። ለባለሙያዋ፣ ተሳስቼ ነው፣ ግቢ ነው፣ መንገዱ ይቅር ልላት ነው። ከመሄዴ በፊት ለአባቴ ልንገራቸው ብዬ ገባሁ።

በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። መንገዱን እርስዎ በደግነትዎ ከፈቱት እንጂ ግዴታ የለብንም ብዬ ጨረስኩ።

"ማን ከፈተው አልሽ?" አሉ ከዘራቸውን እያዩ። "መንገዱማ ነበር። እኔ ስመጣ ሰዉ በዚህ ይወጣል፣ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ያጠርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን በር የተውኩት ሰዉ እንዳይጮህብኝ ብዬ ነው።"

ተናደድኩባቸው። ያን ሁሉ ምርቃት ዝም ብለው እንዴት እንደተቀበሉ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ማፈራቸውን፣ ሲቆይ ምርቃቱ ደስ እያላቸው መምጣቱን፣ በመጨረሻም የድሮውን መንገድ የሚያስታውሱ ሰዎች ማለቃቸውን ነገሩኝ። እኔም ብሆን በዚያው ምርቃት ኮርቼ አድጌያለሁና እሳቸውን ብቻ መውቀስ አልቻልኩም። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። "ለሕዝብ መተላለፊያ እንዲሆን ከይዞታችን ላይ ሰጥተናል" ብዬ ጽፌ አነበብኩላቸው።

"ሰጥተናል አትበይ" አሉኝ። "መልሰናል በይ።"

ሰርዤ እንዳሉት ጻፍኩ። እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙ።

አርብ ጠዋት ወረዳው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ተቀባዩ ሰውዬ አነበበና ግራ ገባው። ከማን ወስዳችሁ ነው የምትመልሱት፣ ለግሰናል ቢባል ያምራል እያለ ሊያርመው እስክሪብቶ አነሳ። ቃሉን እንዳይነካው ነገርኩት፤ መዝግቦ ማኅተም እስኪመታበት ድረስም ከፊቱ አልተነሳሁም።

ፕላኑ ሲጸድቅ ሄጄ አየሁት። ከታክሲው መንገድ ወደ ታች ሰፈር የምትወርድ ቀጭን ነጭ መስመር ቢጫውን ለሁለት ከፍላዋለች። መቼ እንደሚሠራ ገና አልታወቀም። ሌላ ክፍል እየፈለግሁ ነው፤ አሁን ያለው ኪራይ የሚቀመስ አይደለም፣ ቢሆንም አገኛለሁ። እስከዚያ ማሽኔ እዚያው ነው። በካርታው መሠረት ግን የሰው መንገድ ዘግቼ ነው የምሰፋው።