ማኪኒ ያየናት ስቴሽን ዋገን

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሊያ ዳላስ አጠገብ ሳክሲ ያለው ቤቴ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ፎቶው ላይ ጎኑ እንጨት በሚመስል ልጣፍ የተሸፈነ፣ ኋላው የማያልቅ አሮጌ ስቴሽን ዋገን አለ። ሊያ ደህና መኪና አላት። ግን የዘንድሮ ወጣቶች እናቶቻቸው ያፍሩባቸው የነበሩትን መኪናዎች ፍለጋ ይዞራሉ።

«አያቴ፣ የሚሸጠው ሰውዬ እጁ ላይ ምን እንዳለ እኮ አያውቅም» አለችኝ እየሳቀች። «ማለቴ፣ ፕራይሱ በጣም ሎው ነው። ሶ፣ ዝም ብዬ ፒክ አፕ ላደርገው ነው።»

እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ መኪና ልገዛ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በሱዳን በኩል ተሰድጄ ዳላስ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። አንድ አፓርትመንት ግቢ የምንኖር አምስት ሴቶች ራቅ ብላ ሌዊስቪል የምትባል ከተማ ያለ የልብስ መጋዘን ተቀጠርን። ሥራው ሰኞ ይጀምራል። አውቶቡስ ወደዚያ ዝር አይልም፤ አለቃው ደግሞ ሰኞ ያልመጣች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል ብሎናል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አምስታችንን የምትችል መኪና በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኘን ሥራው አለቀለት።

ባዋጣነው ገንዘብ የሚገዛልን ጋሼ ተፈራ ነው። አገር ቤት ሾፌር ነበር። ቀድሞን ዳላስ ገብቶ፣ እያንዳንዳችንን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ፣ የራሳችን አልጋ እስክናገኝ ቤቱ ያሳደረን ሰው ነው። እሁድ እሁድ የሰው መኪና ኮፈን ከፍቶ ሲጠግን መፍቻ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሞተሩን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ምን እንደሆነ፣ ገመዱ ሲላቀቅ ሞተር እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያሳየኝ እሱ ነው። ሴቶቹም «አብረሽው ሂጂ፤ አንቺ ካለሽ ማንም አያታልለንም» ብለው ላኩኝ። የዳቦ ቁራሽ እንኳ እኩል ካልተቆረሰ የምጣላ ሰው መሆኔን ያውቃሉ።

አንድ ጓደኛው መኪናዋ የምትሸጥበት ማኪኒ የሚባል ከተማ አድርሶን ወደ ሥራው ሄደ። በገዛነው መኪና ልንመለስ ስለሆነ ጠብቀን አላልነውም። ዛሬ ቤት ብቻ የሆነው አገር ያኔ እርሻ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። የዚህ አገር ሐምሌ ደግሞ ዝናብ አያውቅም፤ ሳሩ ደርቆ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል፣ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል።

የመኪናዋ ባለቤት ባሏ በቅርቡ የሞተባት ነጭ አሮጊት ነበረች። መኪናዋ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ታጥባ፣ ተወልውላ። የመጨረሻው ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነው፤ እዚያ ከአምስታችን አንዷን፣ ስንዱን አስቀምጬ ስትስቅ ታየኝ። ጋሼ አንዴ ዞራትና ዝም አለ። ጥሩ መኪና ሲያይ ዝም ይላል። ዋጋው ግን ከያዝነው በላይ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛው ቢለምናትም አሮጊቷ «ባሌ ሳይሞት የቆረጠው ዋጋ ነው» ብላ አልቀንስም አለች። ከዚያ ከፀሐዩ ግቡ ብላ በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችን።

በረዶ የሞላበት ጣፋጭ ሻይና ገና ከምድጃ የወጣ የኮክ ኬክ አቀረበችልን። ቅቤው ጣቴን አራሰው። ሁለቴ ጨመረችልኝ፤ ሁለቴም በላሁ። ጋሼ ግን እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ጾም ነኝ አላት። የሰኔ ጾም ከተፈታ ሰንብቷል፣ ፍልሰታ ገና ነው። ጋሼ ደግሞ የቀረበለትን የሚመልስ ሰው አልነበረም። በዚያ ሙቀት ውሃዋን እንኳ አልነካም።

አሮጊቷ የመኪናዋን ወረቀቶች አምጥታ ልታሳየን ስትገባ ጋሼ ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። ሳህኔን እንደያዝኩ ከኋላው ቆሜያለሁ። ትከሻው አንድ ነገር እንደነቀለ ሰው አንዴ ሰበቅ አለ። ቀና ሲል፣ መኪናዋ ላይ ተሰክቶ የነበረውን ቁልፍ አዙሮ ሞተሩን አስነሳው፤ መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። አሮጊቷ ወረቀቷን ይዛ ደረጃው ላይ ቀረች። ጋሼ እያዘነ አናቱን ነቀነቀ። ሞተሩ አብቅቷል፣ ይህን ያህል ብንሰጥሽ ነው አላት፤ የጠራው ልክ እኛ የያዝነውን ነው።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ባሌን አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ጥላው አታውቅም እያለች እንደሆነ እንግሊዝኛ ባላውቅም ገባኝ። ከዚያ ልትፈርም እስክሪብቶዋን አወጣች።

አሁን ዝም ብል አምስታችንም ሰኞ ሥራ እንገባለን። ጋሼም ቢሆን ለእኛ ብሎ ነው፤ ለራሱ አንዲት ነገር አልፈለገም። ግን የኮኩ ጣዕም ገና አፌ ውስጥ ነበር። ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩ፣ ሻርፔን እጄ ላይ ጠቀለልኩና ጋሼ ያላቀቀውን የካንዴላ ገመድ ቦታው ላይ ተጫንኩት። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ሞተሩ ወዲያው ተረጋግቶ እንደ ድመት ያንኮራፋ ጀመር።

አሮጊቷ ሞተሩን ሰማች፣ እኔን አየች፣ እሱን አየች። ቀስ ብላ ወርዳ ሞተሩን አጠፋችና ቁልፉን ነቀለችው። አልተሳደበችም። ቤቷ ገብታ በሩን ስትቀረቅር ብቻ ሰማን።

ከዚያ በዚያ ፀሐይ በእግራችን መንገድ ጀመርን። ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጥቂት እንደሄድን ሳይዞር «ሰኞ አምስት ሰው በምን ሊሄድ ነው?» አለኝ።

«ቤቷ በልቼ ነበር፣ ጋሼ።»

«እኔ አልበላሁም።»

«አውቃለሁ። ልትሠራው ያሰብከውን ያወቅኩብህ በዚያ ነው።»

ቆመ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ግንባሩን በመሐረቡ ጠርጎ መንገዱን ቀጠለ፤ አንድ ገበሬ በጭነት መኪናው አንስቶ ከተማ እስኪያደርሰን ድረስ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያም በኋላ ለወራት።

ሰኞ ሁለቱ የሚወስዳቸው ሰው አገኙ። ሦስታችን ቀርተን ሥራው አመለጠን። ስንዱ አገር ቤት ለእናቷ የተወቻቸው ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ሂዩስተን ሄደች። የሄደች ዕለት ሻንጣዋን ልይዝላት ብል ከለከለችኝ።

«አሮጊቷ እንዳትታለል አደረግሽ፤ ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «እኛንስ ጠየቅሽን?»

ይህን ለሊያ ስነግራት ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ግን ራይት ነበርሽ አይደል?» አለችኝ።

ገመዱን ዛሬም እሰካዋለሁ አልኳት። በዚያ አልጸጸትም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በዚያች ደቂቃ ስለ አሮጊቷ ሳስብ፣ መስኮት ላይ ሆነው መኪና የሚጠብቁት አራቱ ትዝ አላሉኝም። በእኔ ህሊና ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው። ስንዱን ዳግም አላገኘኋትም፤ ባገኛትም ምን እንደምላት እስከ ዛሬ አላውቅም። በሰው ነገር ቶሎ ፈራጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን የፈረድኩት አብረውኝ በሌሉ ሰዎች ላይ ጭምር ነው።

«ያንቺ ነገር ይቀላል» አልኳት። «ለሰውዬው የመኪናውን እውነተኛ ዋጋ ብትነግሪው የሚጎድለው ያንቺ ብቻ ነው።»

ሊያ ስልኳን ይዛ የሰውዬውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየችው። ደውይ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት፤ እሱን የምትወስነው እሷ ናት።