ለሌሉ ቴፖች ቁጥር የሚሰጠው ሰው

የቴፕ ክፍል ኃላፊዋን፣ አዲሱን መሣሪያ ሊገጥም የተላከው ሰውዬ ከመጣ ጀምሮ ዓይኑን ማየት አስጠልቷታል። የመሥሪያ ቤቱ መረጃ የሚቀዳባቸውን ቴፖች አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጇ ስትደረድር ኖራ፣ እሱ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ ሹራብ ለብሶ መጣና ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። የሚገጥመው ቨርቹዋል ቴፕ ላይብረሪ የሚሉትን ነው፤ ዲስክ ሆኖ ሳለ ቴፕ ነኝ እያለ መረጃ የሚቀዳውን ሶፍትዌር የሚሸነግል። ሰውዬው ለሌሉ ቴፖች ቁጥር ይሰጣል፤ በሌለ መደርደሪያ ላይም ይደረድራቸዋል። አለቆቿ በገቡ ቁጥር ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። የእሷን ትከሻ ግን እስከ ዛሬ ማንም ቸብ አድርጎት አያውቅም። ቅናት አንገበገባት።

በሦስተኛው ቀን የእሷን ቴፖች ወደ ዲስኩ ሊገለብጥ አወረዳቸው። አርባ አንደኛውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቀስ ብሎ ነቀነቀና ለብቻው አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ይቺ ታማለች። መጀመሪያ እሷን ገልብጠን እናድናት።»

ደሟ ፈላ። የቴፕን ሕመም በጆሮ መለየት የእሷ ብቻ ጥበብ ይመስላት ነበር።

«አንተ ደግሞ ይህን ከማን ተማርከው?»

«እኔም እንዲህ ያለ ክፍል ነበረኝ» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ይህንኑ ገጠመልኝ፤ ክፍሌም ተዘጋ።»

ልታዝንለት ሞከረች፤ እንቢ አላት። እሱ ልቅሶውን ጨርሶ ነው የመጣው፤ እሷ ገና መጀመሯ ነው። በዚህም ቀናችበት።