ሕሊና የሠራችው መስኮት

ሕሊና ሀብተሚካኤል የዓይኗን ብርሃን ያጣችው ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሮም የመጡት ለቤት ሠራተኝነት ሲሆን፣ ያኔ ሲኞራ አሌሳንድራ የሚባሉ ሴትዮ ቤት ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶች ቶር ፒኛታራ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሊያጽናኑ ሲመጡ፣ «ልጄ ቁጭ ብላ እያወራች ምን ያስለቅሳችኋል?» ብለው እንባቸውን አስጠረጓቸው።

ትምህርት ስትጨርስ፣ አማካሪዋ እንደ ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ቼንትራሊኒስታ ሆና ስልክ እንድታገናኝ መከረቻት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች ሕሊና ለእናቷ። «እኔ ግን እነሱ የሚሠሩበትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው የምፈልገው።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ ዘርፈሽዋል። «እኔ ምን እንደሆነ አላውቀውም። አንቺ ካወቅሽው ይበቃል።»

ተማረች። በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብላትን ፕሮግራም በጆሮዋ እየሰማች፣ ሌሎች በዓይናቸው እያዩ የሚጽፉትን ኮድ በጣቶቿ ጻፈች። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ያለ፣ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠራት።

አንድ ቀን ለድርጅቱ የአንድ ሐኪም ቤት ሥራ መጣ። ስልክ አገናኞቹ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ሁሉን ነገር በአንድ የስክሪን መስኮት ላይ አጭቆ ያስቸግራቸው ነበር። አለቃው ቫሌሪዮ መስኮቱ ታብ በሚባሉ መለያዎች እንዲከፋፈል ወሰነ፤ አንዱ ታብ ለክፍሎች፣ አንዱ ለተረኛ ሐኪሞች፣ አንዱ ለድንገተኛ። የተፈለገው ሲጫን ገጹ ፊት ይወጣል፣ የቀሩት ከኋላ ይቆያሉ። መልኩን የሚሠራው ክላውዲዮ አሳምሮ አዘጋጀው። ሕሊና ስትከፍተው ግን የምትፈልገውን አጣች።

«ክላውዲዮ፣ ታቦቹ የት አሉ?»

«ላይ ናቸው። ደንበኛው በጣም ወዷቸዋል።»

«ለእኔ የሚያነብልኝ ‹ምስል፣ ምስል፣ ምስል› እያለ ነው። የታብ ሥዕል ነው የሣልከው። ከአገናኞቹ መካከል እንደ እኔ የማያዩ አሉ፤ በምን ያገኙታል?»

ቫሌሪዮ ወንበሩን ሳበና፣ «አሎራ፣ እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለ።

«መልኩ የክላውዲዮ ይሁን። ውስጡን ለእኔ ስጡኝ።»

ሥዕሎቹን አውጥታ፣ የፕሮግራም መሥሪያው ራሱ የሚሰጠውን እውነተኛ የታብ መያዣ በቦታቸው አስገባች። እሱ «ተረኛ ሐኪሞች፤ ታብ፤ ከሦስቱ ሁለተኛው፤ ተመርጧል» ብሎ ራሱን ያሳውቃል፤ በቀስት ቁልፍም ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። ስትሞክረው ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ ታብ ላይ የስልክ ቁጥር መጻፍ ጀምራ ሌላውን አይታ ስትመለስ፣ የጻፈችው ጠፍቶ ጠበቃት። ለካ ገጹ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራ ኖሯል። ገጾቹ አንዴ ብቻ ተሠርተው፣ ተራቸው እስኪደርስ ተደብቀው እንዲቆዩ አደረገች።

በሥራዋ ረክታ ለባልደረባዋ ለግሬታ አሳየቻት።

«ሕሊና፣ የታቦቹ ስም ተቆርጧል። ‹ተረኛ› ካለ በኋላ ምንም አይታይም።»

ይህን የሚያነብላት ድምፅ አልነገራትም ነበር፤ ለእሷ ሙሉውን ነው ያነበበላት። ግሬታ ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም ፋይል አውርዳ፣ የመለያ ካርቶኖቹን ጆሮዎች በጣቶቿ አስነካቻት። ሕሊና እየዳሰሰች አንዱ ሲሰፋ ሌላው እንዴት እንደሚጠብ ሲገባት፣ «እናንተ ደግሞ እንዲህ ነው የምታዩት?» ብላ ሳቀች። ስፋቱን እንደ ስሙ ርዝመት እንዲሆን አስተካከለች፤ ክላውዲዮም መያዣውን ሳይነካ ቀለሙን ቀባላት።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሞከረችው ሎሬዳና ናት፤ ከአገናኞቹ ሁሉ አንጋፋ፣ እሷም ዓይነ ስውር። ሕሊና፣ ቫሌሪዮና ክላውዲዮ አጠገቧ ቆመው፣ ማዳመጫዋን አድርጋ የቀስት ቁልፉን ተጫነች። በመሀል ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ምጥ ላይ ያለች ሰው ነበር። ሎሬዳና የጀመረችውን ትታ ወደ ሌላው ታብ ተሻገረች፣ ሰውየውን አገናኘችና ተመለሰች። የጀመረችው እንዳለ ነበር።

«ይህን የሠራው ማነው?» አለች።

ቫሌሪዮ አፉን ሳይከፍት ክላውዲዮ ቀደመው። «ሕሊና ናት። እንደ አንቺ በጆሮዋ ነው የምትሠራው።»

ሎሬዳና እጇን ዘረጋች፤ ሕሊናም ፈልጋ ያዘቻት። «ነው እንዴ» አለች ሎሬዳና። «የሚያውቀኝ ሰው እንደሠራውማ ገብቶኛል።»

ሕሊና ያን ቀን ትራም ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ነው ቤቷ የገባችው።

ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ዘርፈሽዋል እስካሁን ለሚሠሩላቸው ለሲኞራ አሌሳንድራ ቀጠሮ ሊይዙ እዚያው ሐኪም ቤት ደወሉ። ማታ እራት ሲያቀርቡ፣ «ስልክ አገናኟ ወዲያው ነው ያገናኘችኝ» አሉ። «‹ይህን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት› አልኳት።»

«እማዬ፣ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ እንዲህ ይባላል?»

«ለምን አይባልም? እሷም ‹ሲኞራ፣ እዚህ ሁላችንም እናውቃታለን› ነው ያለችኝ።»

ሕሊና ፈገግታዋን ልትደብቅ አጎነበሰች። እናቷ ግን አይተውባታል፤ ሳህኗን ወደ እጇ አስጠግተው፣ «ብዪ አሁን» አሏት።