መርከቧና የእናቴ የስልክ እንጨት

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ ቁስቋም በሚገኘው የሰፈራችን አዳራሽ የቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ደጋው እንዴት እንደ ወጣ ሲተረክ የጣናዋ መርከብ ተመሰገነች፤ እናቴ ግን ስሟም አልተነሣ።

መርከቧን አልሰድባትም። በማገዶ እሳት የምትሄድ፣ በሁለት ጎኗ መንኮራኩር የሚሽከረከርላት አሮጌ መርከብ ነበረች። ሽቦውን ሐይቁን አሻግራ ጎርጎራ ላይ ታራግፍ ነበር። ከጎርጎራ እስከ እኛ አገር እስከ መካነ ብርሃን ግን ዳገት እንጂ ውሃ የለም። ሽቦው በበቅሎና በሰው ትከሻ ወጣ። መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ ለየቤቱ አንድ አንድ የስልክ እንጨት ለጥበቃ ተደለደለ። አባቴ ሞቶ ስለነበር የኛ ቤት ድርሻ በእናቴ ላይ ወደቀ።

እናቴ ጠዋት ከኔ በፊት እሱን ታይ ነበር። ከብት ታክኮ ካዘነበለው ሥሩን በድንጋይ ታጠብቃለች፤ ነፋስ ሲጥለው ጎረቤት ጠርታ ታቆመዋለች። ብርድ ይዞኝ ሳለቅስ እንኳ "ቆይ፣ መጣሁ" ብላኝ ወደሱ ትሄዳለች። በልጅነቴ በእንጨት ቀናሁ። በስተርጅና ደግሞ በመርከብ!

አዳራሹ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የመርከቧ ፎቶ ከመንኮራኩሩ አጠገብ የቆመው የጎረቤቴ አባት ነው፤ ለመርከቧ እሳት ማገዶ ይጨምር ነበር። ባርኔጣውን ከፎቶው ሥር ጠረጴዛ ላይ አኑረውለታል። ጎረቤቴም ከፊት ወንበር ተሰጥቷት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች እንደ ሙሽራ እናት እንግዳ ትቀበላለች። 

በእንጨቱ ጫፍ ሽቦው ይታሰርበት የነበረውን ነጭ የሸክላ ሲኒ ከመቀነቴ ፈትቼ ለአዘጋጁ መምህር ሰጠሁት። እናቴ እንጨቱ ሲነቀል ያስቀረችው ነው።

"ሸጋ ነው እማማ። ከኋላ ክፍል መደርደሪያ ላይ እናኖርልዎታለን" አለኝ።

"ምነው ከኋላ? ከባርኔጣው እኩል ይቀመጥ!"

"ጠረጴዛው ቦታ የለውም እኮ።"

"ባርኔጣው ራስ የለበት፤ ጠጋ ቢል አይከፋውም!"

ሰው ሳቀ። ጎረቤቴ አልሳቀችም። ተነሥታ የአባቷን ባርኔጣ በገዛ እጇ ወደ ጠርዙ ገፋችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"አባቴ ወደ ቤት በመጣ ቁጥር 'እኛስ ጎርጎራ ደርሰን አረፍን፤ ጭንቁ የደገኞቹ ነው' ይል ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አጥር ተጋርተን ስንኖር አልነገርኩሽም። ቀንቼ ነው። ነይ፣ አስቀምጪው።"