አንዴም አላሳለችም

ከቦንጋ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። የጅማው አውቶብስ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ያጓራል፤ እኔ ደግሞ እንደ ወትሮዬ አስላለሁ። ከታናሼ ከምንትዋብ ጋር አንድ ጋቢ ለብሰን ስላደርን ሙቀቷ ገና ከትከሻዬ አልለቀቀም። እኔና እሷ ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይናችን ቢጫ፣ ጉልበታችን ደካማ ነው። ስለዚህ ሳሌን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እማዬ «ደሟ ነው» ብላ ጉበት ጠብሳ ቋጠረችልኝ።

ለሥራ በሄድኩባት በግሪኳ ከተማ በአቴና ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዳቦው ማር ቢቀቡት እንኳ ቆጮን አይሆንም። እዚህ እመቤትን ኪሪያ ይላሉ። ቤት ያከራየችኝ ኪሪያ ሶፊያ ዓይኔን ገና ስታየው ጮኸች።

«ይሄ የእኛ በሽታ ነው! ከየት አመጣሽው?»

«ከቦንጋ።»

«አይሆንም! አያትሽ ግሪክ ነበሩ?»

«አያቴ ከዋጫ ገበያ አልፈው አያውቁም።»

በሽታዋን የሰረቅኋት ይመስል አኮረፈችኝ። ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ግን እሷው ናት።

ሐኪሙ ቢጫነቱና ድካሙ ከወላጆቼ የወረስኩት፣ በግሪኮች ዘንድ የተለመደ የደም በሽታ፣ ታላሴሚያ የሚሉት፣ ነው አለኝ። ሳሉ ግን ሳንባ ነቀርሳ ነበር። እንዲህ ያለ ደም ያለውን ሰው ቶሎ ይይዘዋል፤ መክሳቱ ሁሉ በደሙ ስለሚሳበብ ሳይታወቅ ይቆያል፤ በትንፋሽም ይተላለፋል አለኝ። ለወራት ክኒን ውጬ ዳንኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከምንትዋብ ጋር የለበስነው ያ ጋቢ ትዝ አለኝ። እማዬ ምንትዋብን ይዛ እንድትጠብቀኝ ቀጠሮ አስይዤ ቦንጋ ቴሌ ቢሮ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ምንትዋብ ታስላለች?»

«ትንሽ። ደሟ ነው።»

«ደሟ ብቻ አይደለም! እኔ የታመምኩት ሳንባዬን ነው። አክታዋን አስመርምሪላት።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ሰው ሞልቷል እዚህ። ጤና ጣቢያ ደጅ ካዩዋት ማን ያገባታል?»

«ጅማ ውሰጃት እንግዲያ። እዚያ ማን ያውቃታል?»

«ጉበት እያበላኋት ነው» አለች።

«እስቲ እሷን አገናኚኝ።»

«እታለም» አለችኝ ምንትዋብ፤ ድምጿ ቀጥኗል። «እዚያም ይዘንባል?»

«የት አባቱ!» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ። መነጋገሪያውን በእጇ ሳትሸፍነው አልቀረችም፤ መስመሩ ጭር አለ። ስሟን ደጋግሜ ጠራሁ።

ስልኩን መልሳ ያነሳችው እማዬ ናት።

«ሰማሽ አይደል?» አለችኝ። «አንዴም አላሳለችም።»