የተሰነጠቀው ቃጭል

ሱና ሣሩን በመዳፎቿ መሃል አድርጋ ታሸዋለች፤ ሲለሰልስላት እንደ ሹሩባ ጠምዝዛ ከምድጃው አጠገብ ትሰቅለዋለች። ባለፈው በጋ ከረግረጉ ያጨደችው የጫማ ሣር ነው። ሱና ካልሲ አትወድም። የቆዳ ጫማዋን በዚህ ሣር ጠቅጥቃ ስታበቃ ብርድ የሚባል ነገር እግሯን አያውቀውም።

የተወለደችው በዚህ በረዷማ ሰሜን የምናረባቸው አጋዘኖች በጸደይ ወደ ባሕሩ ዳር ሊወልዱ በሚጓዙበት ጊዜ፣ መንገድ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ጉዞ ቀርታ አታውቅም። ባሏን ዮቭናን በመንገዱ ላይ የሚሻገሩት የሐይቅ በረዶ ተሰብሮ ሲወስደውም፣ በዓመቱ ሕፃን ልጇን በሰንጋ አጋዘን ጀርባ ላይ አስራ በዚያው ሐይቅ መንጋውን አሻግራለች። እኔ ጎረቤቷ ያን ሐይቅ እስከ ዛሬ ዞሬ ነው የማልፈው።

ዘንድሮ ግን ያ ሕፃን የነበረው አንዳራስ ከለከላት።

“እማዬ፣ ዐይንሽ ሰውን ከግንድ አይለይም። መነጽርሽ ሳይመጣ የትም አትሄጂም።”

“ግንድ ይሻለኛል፤ አይለፈልፍም” አለችው።

መነጽሩ ከተማ ተሠርቶላት ነበር። ሐሙስ እኔና እሷ በአውቶቡስ ሄደን ልናመጣው ተስማማን። እርጉዞቹ አጋዘኖች ግን ሐሙስን አልጠበቁም፤ ማክሰኞ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው መንገድ ጀመሩ። አንዳራስም ተከተላቸው። ሱና በሩ ላይ ቆማ ድምፃቸው እስኪጠፋ አዳመጠች፤ ከዚያ ወደ ሣሯ ተመለሰች።

በማግስቱ ሣሩን እያቀበልኳት ሳለ አንዳራስ በበረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር ደጁ ላይ ቆመ። ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ ገባ።

“ሐይቁ ጋ ቆሙ፣ እማዬ! ሙዜት ቀድሞ ገባ፤ አንዷም አልተከተለችውም። በረዶው እየለሰለሰ ነው። ዛሬ ካልተሻገሩ ከሐይቁ ወዲህ ሊወልዱብን ነው፤ ግልገሎቹ መሻገር አቅቷቸው ያልቃሉ።”

ሙዜት መንጋውን የሚመራው ሽማግሌ ሰንጋ ነው።

“አንገቱ ላይ ምን አሰርክለት?”

“አዲስ ቃጭል። አሮጌው ተሰንጥቆ የለ?”

ሱና ሳቀች። “አንተ ሞኝ! ያንን የተሰነጠቀ ድምፅ ሰምተው እኮ ነው ያደጉት። አዲሱን የማን ነው ይበሉት?”

አሮጌው ቃጭል ከምድጃው በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንዳራስ እጁን ሲሰድ ቀደመችው።

“ስጪኝ፣ ልሩጥ።”

“ቃጭሉ ያለ እኔ አይሄድም።”

“ዐይንሽስ?”

“ለማየት ሙዜት አለ። በረዶውን እኔ በዱላዬ እሰማዋለሁ።”

አንዳራስ እኔን አየኝ። እኔ የቀረውን ሣር አቀበልኳት። “እሺ” አለ በመጨረሻ፣ “ግን ከኋላዬ ጥብቅ አድርገሽ ያዢኝ።”

“ድሮ ማን ማንን እንደያዘ ረሳኸው?” ብላ ሣሩን ጫማዋ ውስጥ ጠቀጠቀች።

የሆነውን በኋላ አንዳራስ አጫወተኝ። አሮጌውን ቃጭል ለሙዜት አስራ፣ እሱን በገመድ ይዛ፣ በረዶውን በዱላዋ እየመታች፣ ድምፁን እያዳመጠች ገባች። ቃጭሉ ቋ፣ ቋ አለ። አንዲት አሮጊት አጋዘን አንገቷን ቀና አድርጋ እግሯን በረዶው ላይ አኖረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ማዶ ሲደርሱ አንዳራስ “አሁን ልመልስሽ” ሲላት ሱና ገመዱን እንደያዘች ወደ ባሕሩ መንገዷን ቀጥላ ነበር።

ሐሙስ አውቶቡሱ መጣ። ያለ መነጽር ሐይቁን ለተሻገረች ሴት መነጽር ላመጣ ብቻዬን መሄድ አፈርኩና አሳለፍኩት። ግልገሎቹ ዛሬ ባሕሩ ዳር ይፈነጫሉ፤ ሱናም እዚያው ናት። መነጽሯ ግን እስካሁን ከተማ፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል።